ሳር ግጦሽ ብቻ አይደለም፦ የደቡብ ጎንደር ደጋ የዱር ሳሮች ዳሰሳ

ከአዲስ ዘመን ከተማ ከፍ ብሎ የሚታየው የጣራ ገዳም ደን በደቡብ ጎንደር ከቀሩት የተፈጥሮ ደኖች በስም ከሚጠሩት አንዱ ነው። ስለ ደኑ የተሠሩት ዋና ዋና ጥናቶች የሚቆጥሩት ዛፉንና ቁጥቋጦውን ነው። ወይራው ስንት ነው፣ አጋሙ ስንት ነው፣ የሚያረጀውን የሚተካ ችግኝ አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከደኑ ጫፍ እስከ እርሻው ድንበር፣ ከእርሻው ድንበር እስከ ወንዙ ዳር ያለው ሳር ግን ከቆጠራው ውጭ ይቀራል። በመሬት አስተዳደሩም ዘንድ ሳር የበቀለበት ቦታ የሚታወቀው በአንድ ስም ነው፤ የግጦሽ መሬት ይባላል። የዚህ ዳሰሳ ክርክር የሚነሳው ከዚሁ አመዘጋገብ ነው። በዚህ ደጋ የዱር ሳር የቤት ክዳን፣ የመሶብና የእንቅብ መሥሪያ፣ የበሬ ስንቅ፣ የማሳ ድንበር፣ የበዓል ጉዝጓዝ ሆኖ ኖሯል፤ ለምንበላው እህልም ዘመድ ነው። እያንዳንዱ ሳር ለሚፈለግበት ጉዳይ እንዲደርስ የራሱን ጊዜ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ የሚያስከብርለት ደንብም ይፈልጋል። መሬቱ ሁሉ በግጦሽ ስም ሲታወቅ ከብት ያልቆመበት ሳር ሥራ የፈታ መሬት ይመስላል፤ ሥራ የፈታ የመሰለው ደግሞ ቀድሞ ይታረሳል። የዱር ሳር ጥቅሞች እየመነመኑ የሄዱት ቆርቆሮና ፕላስቲክ ስለመጡ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት የነገሩን ግማሽ እንኳ አይነግረንም።

ከክዳን እንጀምር፤ የሳር ጥቅም ሲነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው እሱን ነውና። ቤት በማንኛውም ሳር አይከደንም። በወይና ደጋው የሚፈለገው ሰንበሌጥ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ አገዳው ጠንካራ ነው። ሰንበሌጥ ለምለም ሳለ ከብት ይወደዋል። ስለዚህ ለክዳን የሚተርፈው ከብት ሳይገባበት ክረምቱን አልፎ፣ አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ በቁሙ የደረቀው ብቻ ነው። በበጋ ይታጨዳል፤ በሸክም በሸክም ታስሮ ይከመራል፤ ቤቱም በደቦ ይከደናል። አንዱ ከታች ሳር ያቀብላል፣ ሌላው ጣራው ላይ ሆኖ ከግርጌ ወደ ጉልላቱ እየደረበ ማገሩ ላይ እያሰረ ይወጣል። ቤት ውስጥ የሚነደው እሳት ጢሱ ክዳኑን እያጠነ ተባይ ያርቅለታል፤ ማድ ቤቱ ለብቻው ሲወጣ የሳር ክዳን ቶሎ የሚበሰብሰውም ለዚህ ነው። አሁን ግን በመንገድ ዳር ባሉት መንደሮች ሁሉ ቆርቆሮ አሸንፏል። ማሸነፉም ተገቢ ነው። የሳር ክዳን እሳት ይበላዋል፣ ሲያረጅ ያፈስሳል፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። ለሳር ቤት እየተቆረቆሩ የሌላውን ሰው ችግር ማስዋብ ነውር ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ክዳኑ ሲቀር ለክዳን ሲባል ይከለል የነበረው መስክም አብሮ ቀረ፤ ከዚያ መስክ የሚወጣውን ሌላ ጥቅም ያሰበለት አልነበረም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሺራካዋ-ጎ መንደር ትልልቅ የሳር ጣራዎቹን ይዞ የቆየው ከእኛ ደቦ ጋር በሚመሳሰል የኅብረት ሥራ ነው። እዚያም ቢሆን ጣራው እንዲቆይ ሳሩ የሚታጨድበት መስክ መቆየት ነበረበት። የሚታጨድ ሳር ከሌለ የከዳኞቹ ጥበብ ብቻውን የትም አያደርስም።

ስፌት ከክዳን የተለየ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ቆርቆሮን የመሰለ ግልጽ አሸናፊ የለም። የደጋ ሴቶች ስፌት የሚቆመው በስንደዶና በአክርማ ነው። ስንደዶ የሚሰበሰበው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አገዳው ጠንክሮ ገና ሳይሰባበር ነው። በማጭድ አይታጨድም፤ አገዳው አንድ በአንድ ከሽፋኑ ይመዘዛል። ጉጡ ከነሥሩ መሬት ላይ ይቀራል፤ ከርሞም ከዚያው ያበቅላል። የተመዘዘው ይደርቃል፣ በቁመቱ ይለያል፣ ይሰነጠቃል፤ ከፊሉ ቀለም ውስጥ ገብቶ አለላ ይሆናል። ሰፊዋ ከአጠገቧ ውኃ አታጣም፤ ደረቅ አለላ ስለሚሰበር ሳይርስ አይሰፋም። የፊተኛውን ዙር በወስፌ ትወጋለች፣ በቀዳዳው የአለላውን ጫፍ ታሳልፋለች፣ ስባ ታጠብቃለች፤ ከዚያ አጠገቡ ሌላ ትወጋለች። ደንበኛ መሶብ ከነክዳኑ እስኪያልቅ ብዙ የትርፍ ጊዜ ይበላል፤ የሚሠራውም ከእርሻውና ከጓዳው ሥራ በሚተርፍ ሰዓት ነው። ከዚሁ ሳር ሰፌድ፣ እንቅብ፣ ሌማት፣ ሙዳይ፣ አገልግል ይወጣል። ገበያ የሚወጣ ስፌት ብዙውን ጊዜ በሴቲቱ እጅ የሚገባ ገንዘብ ነው። በሬው፣ ማሳው፣ ባሕር ዛፉ በአባወራው ስም በሚታወቅበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የፕላስቲክ ሰፌድና የፋብሪካ ሳህን ረክሶ መምጣቱ እውነት ነው። እንጀራ ግን በፕላስቲክ ውስጥ ያልበዋል፤ በመሶብ ውስጥ ይተነፍሳል። መሶብ ከሠርግ ቤት እስከ ሆቴል፣ ከደብረ ታቦር ገበያ እስከ ውጭ አገር ባለው ኢትዮጵያዊ ቤት ድረስ ዛሬም ይፈለጋል። ፈላጊ ያለው ዕቃ ጥሬ ዕቃው ሲጠፋበት ማየት ያስቆጫል።

እዚህ ላይ የዳሰሳው ዋና ነጥብ ጎልቶ ይወጣል። ስንደዶና አክርማ ካረጁ በኋላ ከብት አይደፍራቸውም። አገዳቸውና ቅጠላቸው ይጠነክራል፤ ከብቱ በዙሪያቸው ያለውን ለስላሳ ሳር እየመረጠ ሲበላ እነሱ ይቀራሉ፣ ይሰፋሉም። ስለዚህ ለግጦሽ ባለሙያ የስንደዶ መብዛት መስኩ መጎሳቆሉን የሚያሳይ መጥፎ ምልክት ነው። ለሰፊዋ ደግሞ ያው ጉጥ ሀብት ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ መሬቱን የሚለኩበት ሚዛን ግን ይለያያል፣ በመሬት አስተዳደሩ ዘንድ ሚዛን ሆኖ የገባውም የአንደኛው ብቻ ነው። ሰንበሌጥን ያጠፋው ያለጊዜው የገባበት ከብት ነው፤ ስንደዶን በዋናነት የሚያጠፋው ግን ማረሻ ነው። አንዱ ከከብት መከለል አለበት፣ ሌላው ከሞፈር። ሁለቱንም “የግጦሽ ችግር” ብሎ በአንድ መድኃኒት ለማከም የሚነሳ ሰው አንደኛውን ማጥፋቱ አይቀርም።

ወደ በሬው ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠጥራል። በደጋው እርሻ ሳር እጅግ የሚፈለገው በማይገኝበት ወቅት ነው። ግንቦትና ሰኔ በሬው ቀኑን ሙሉ የሚጠመድበት ጊዜ ነው፤ መስኩ በዚያ ሰዓት ገና እርቃኑን ነው፣ የመኸሩ ገለባና ጭድም ተሟጦ አልቋል። ገበሬው ለዚህ ያበጀው መላ ብዙ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሳሩን አጭዶ ድርቆሽ አድርጎ ይከምራል፤ ከመስኩም ለበሬ ብቻ ተብሎ ላምና በግ የማይገባበት ቁራጭ ይከልላል። በማሳና በማሳ መካከል ሳይታረስ የሚተወው የሳር ድንበርም ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ወሰን ይለያል፣ ጎርፉ የሚያወርደውን አፈር ይይዛል፣ ክረምት ላይ እየታጨደ ለጥጃና ለምታለብ ላም ይሰጣል። ሴቶች ከጤፍ ማሳ ነቅለው የሚያወጡት አረምም አይጣልም፤ ወደ ቤት መጥቶ የላም እራት ይሆናል። በእርከን ላይ ሰርዶ የያዘበት ቦታ ዝናብ በቀላሉ አይንደውም፤ ሰርዶ በየአንጓው ሥር እየሰደደ አፈሩን ይሰፋዋል። ከጉና ተራራ የሚነሱት የርብና የጉማራ ወንዞች ደፍርሰው ወደ ጣና የሚያወርዱት ደለል እነዚህ የሳር ድንበሮች እየቀጠኑ ከመሄዳቸው ጋር ዝምድና አለው። ጎረቤቶች ከሁለት ወገን በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ወደ ድንበሩ ሲገፉ ሳሩ ይጠባል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚተርፋቸው የወሰን ጭቅጭቅና ጎርፍ የቦረቦረው ማሳ ነው።

ስለ በዓሉ ሳር ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንባቢው ያውቀዋል። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ የሚያድሉት ቄጤማ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ በጎጃም ልጃገረዶች የሚነቅሉት እንግጫ፣ በላስታ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ የሚያስሩት አሸንድዬ፣ ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው እርጥብ ሳር፣ ሁሉም ከወል መስክና ከወንዝ ዳር የሚመጡ ናቸው። የዕፅዋት ሊቃውንት ቄጤማና እንግጫን ከሳር ቤተሰብ ለይተው ይመድቧቸዋል። የሚበቅሉበት ረግረግ ሲጠነፍፍ የሚደርስባቸው ጥፋት ግን ከሳሩ አይለይም።

ከሁሉ ያነሰ የሚወራለት የሳር ጥቅም ዘመድነቱ ነው። ጤፍ ራሱ ሳር ነው፤ የቅርብ የዱር ዘመዱ ተብሎ የሚታወቀው ሳር ዛሬም በየመንገዱ ዳርና በየማሳው ጠርዝ ይበቅላል። ዳጉሳና አክርማ በአንድ ወገን የሚመደቡ ናቸው፤ ሴቲቱ የምትሰፋው ሳርና ባሏ የሚዘራው እህል የሥጋ ዘመድ ናቸው ማለት ይቻላል። በገብስ ማሳ ውስጥ የሚበቅለውን ስናር ገበሬው ከእህሉ ለይቶ አይጨርሰውም፤ አብሮ ያጭደዋል፣ አብሮ ይወቃዋል፣ ከእህሉም ጋር ይበላዋል። በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የዚህን አገር እህልና በውስጡ የሚበቅለውን የዱር ዘመድ አብሮ ሰብስቧል፤ ከኢትዮጵያ የስናር ዓይነቶች አንዱ እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሙ በእርሱ ይጠራል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከጣራ ገዳም ቁልቁል ያለው የፎገራ ሜዳ ታሪክ ነው። በሜዳው ረግረግ የዱር ሩዝ ይበቅል ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለማዳ ሩዝ ሲሞከር መሬቱ ለሩዝ እንደሚስማማ ካመለከቱት ነገሮች አንዱ ይህ የዱር ሳር ነበር። ዛሬ ፎገራ የአገሪቱ የሩዝ ማዕከል ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ይገኛል። ሩዙ ብዙ ቤተሰብ ከችግር አውጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሩዙ የገባው የፎገራ ከብት ይሰማራበት በነበረው ውኃ በሚተኛበት የሳር ሜዳ ላይ ነው። በሜዳው ያሉት የሸሸርና የወለላ ረግረጎች ተጠንፍፈው ጠበዋል፤ በተረፈው ግጦሽ ላይ ደግሞ አሜኬላ ተስፋፍቷል። የነገው ሩዝ በሽታን ወይም ድርቅን እንዲቋቋም ዘር የሚፈለገው ከዱር ዘመዱ ነው፤ መንገዱን ያመለከተውን ሳር ሙሉ በሙሉ አርሶ መጨረስ የሩዙን የወደፊት ዕድል መቁረጥ ነው።

ይህ ሁሉ እንዴት ሆነ? መሬት እየጠበበ፣ ሕዝብ እየበዛ መጣ የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን ያልበቃ እውነት ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን የርስትና የጉልት ሥርዓት አብቅቷል፤ ማብቃቱም ለብዙኃኑ ፍትሕ ነበር። ከዚያ ሥርዓት ጋር ግን የወል ሳር መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚጠብቀው የሚወስነው የአካባቢ ደንብም በብዙ ቦታ አብሮ ወደቀ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደልም መሬት አልባው የሚጠይቀውና ሹሙ የሚሰጠው የሚታረስ መሬት ነበር። ዳገቱን ደግሞ ባሕር ዛፍ ወሰደው፤ በደብረ ታቦር ዙሪያ ላለ ገበሬ ባሕር ዛፍ የቆመ ገንዘብ ነው፤ ከሥሩ ግን ሳር እንደልብ አይበቅልም። በየደረጃው የተወሰነው ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ሳሩ በማናቸውም ውሳኔ ላይ ተከራካሪ አልነበረውም፤ በመዝገብ ያለው ዋጋ በላዩ በቆሙት ከብቶች ብዛት ብቻ ስለሚለካ።

ሌላ መንገድ እንደነበረ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ለብዙ ትውልድ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ተጠብቆ ቆይቷል። በአለቃ የሚመራ ጠባቂ ነበረው። ጓሳ የሚባለው ሳር እስኪደርስ ቦታው ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር፤ ሲደርስ ሰዉ ገብቶ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ያጭዳል፣ ከብቱንም ያሰማራል፤ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል። ደንብ የጣሰ ይቀጣል። በ1967ቱ አዋጅ ሥርዓቱ ሕጋዊ መሠረቱን አጣ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በኮሚቴ መልሶ አቋቋመው፣ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ሆኗል። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እዚያ የተረፉት ለእነሱ ተብሎ በወጣ ሕግ ሳይሆን ለሳሩ ሲባል በቆመ ደንብ ነው። የደቡብ ጎንደሩ ጉናም 4,120 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ጅባራና ጓሳ ለብሶ የቆመ ተራራ ነው፤ ማረሻው ወደ ላይ እየገፋበት ነው፤ የመንዙን ምሳሌ በቅርብ ሊመለከተው ይገባል። በቄሮ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ግን መልስ ይፈልጋል። ቄሮ የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉ ባለ ርስቶች ሥርዓት ነበር፤ ርስት የሌለው ከሳሩም ውጭ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ እንዳለ ይመለስ የሚል ሰውም ሊኖር አይገባም። ከቄሮ የሚወሰደው ሳሩ እስኪደርስ የመታገሡ ደንብ ነው። ክፍፍሉ ግን ለሴቲቱም፣ መሬት ለሌለው ወጣትም፣ ለአንጥረኛውና ለሸክላ ሠሪዋም መድረስ አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከግብርና ባለሙያዎች የሚመጣ ነው፤ የተሻሻለ መኖ እያለ የዱር ሳር ለምን ይሉናል። ደሾና ዝሆኔ ሳር በአንድ ቁራጭ መሬት ላይ ከዱር ሳር ብዙ እጥፍ ይሰጣሉ፤ ደሾ ከጨንቻ ተነስቶ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው በከንቱ አይደለም። ለወተት ላምና ለእርከን ይተከሉ፤ የሚቃወም የለም። ነገር ግን በደሾ መሶብ አይሰፋም፣ ዝሆኔ ሳርም የጤፍ የቅርብ ዘመድ አይደለም። አንድ ጥቅም የሚሰጥ ሳር ስድስት ጥቅም በሚሰጥ መስክ ላይ ሲተከል ኪሳራው የሚደበቀው መኖ ብቻ ስለሚቆጠር ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ መስክ ሲዘጋ የሚጎዳው ድሃው ነው ይላል። ሁለት በግና አንዲት ላም ያላት፣ መሬት የሌላት ሴት በልቅ ግጦሽ ትኖራለች፤ በሩ ሲዘጋ መሄጃ የላትም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ብዙ ዳገት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ተብሎ ተከልሏል። በተከለለው ቦታ ሳር በፍጥነት መመለሱ ማንም የሚያየው ነው፤ የተመለሰውን ሳር ማን አጨደው የሚለው ጥያቄ ግን በየቀበሌው መልሱ ይለያያል። ሳሩ በጨረታ ተሽጦ ገንዘቡ ኮሚቴ ጋ ከቀረ ተቃውሞው ትክክል ነው። አጭዶ መውሰድ ለሁሉም ቤት በድርሻ ከተከፈለ ግን ያቺ ሴት በባዶ መስክ በግ ከማሰማራት ይልቅ ሸክም ድርቆሽ ወደ ቤቷ ይዛ ትገባለች።

ቤተ ክርስቲያንም እዚህ ላይ ድርሻ አላት። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች የመረመረ ሲሆን፣ ከዚያ የተነሳው ሥራ ከብት ሲከለከል ችግኝ እንደሚተርፍ አሳይቷል። በአንዳንድ ደብሮች ዙሪያ የታጠረው የድንጋይ ካብ ለዛፉ የቆመ ነው፤ ከካቡ ግርጌ ውስጥም ውጭም ሳር አለ። ደብሩ የዛፉን መቆረጥ በግዝት እንደከለከለ ሁሉ ስንደዶ የሚመዘዝበትንና ሳር የሚታጨድበትን ቀን መወሰን ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ሕዝቡ የሚሰማው ድምፅ ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች የወል መሬትን ሲመዘግቡ ግጦሽ ከሚለው ጎን የአጨዳ መስክ፣ የስፌት ሳር መስክና ረግረግ የሚል መደብ ይጨምሩ። ቀበሌዎች በመተዳደሪያ ደንባቸው መስኩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን ይጻፉ፤ ያንን ቀን ከሚወስኑት መካከል ሰፊዎች ይኑሩበት፣ ስንደዶ መቼ እንደሚደርስ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለምና። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጣራ ገዳም ሲወጡ ከዛፉ ጋር ሳሩንም ይቁጠሩት፤ ስሙን፣ የሚበቅልበትን ቦታ፣ የሚያውቁትን ሴቶች ዕውቀት አብረው ይመዝግቡ።